የማታው መርፌ ሥራው ሌላ ነው፦ «ካልበላችሁ አትወጉ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራው ኢንሱሊን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንዷ አክስቴ ናት። እሷም እንደኔ ማታ ማታ ትወጋለች። ጽሑፉን ስትልክልኝ ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምራበታለች፤ «ታዲያ ላቁመው እንዴ ልጄ?»

ብዕር ያስነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን የበሽታው መጨረሻ ነው፤ አንዴ ከጀመሩት ሱስ ይሆናል፣ መውጫ የለውም ይላል። ዓይን ያጠፋል፣ እግር ያስቆርጣል ይላል። ምግብ ካልበሉ ወይም ከታመሙ መርፌውን ይዝለሉት ብሎ ይመክራል። ስኳሩ አልወርድ ካለ ደግሞ እስኪወርድ ድረስ የማታውን መጠን መጨመር ነው ይላል። ደመና የሚመስለው የድሮው ኢንሱሊን ዋጋ የለውም፣ አዲሱ እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል ይላል። በመጨረሻም ካንሰር ያመጣል ብሎ ይዘጋል።

ሐኪም አይደለሁም። ዓይነት 2 ስኳር ያለብኝ፣ ኢንሱሊን መውጋት ከጀመርኩ 9 ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። ጸሐፊው ሰው ለመጉዳት ብለው የጻፉት አይመስለኝም። የፈሩትን ነገር እኔም ፈርቼዋለሁ። ሐኪሜ ይጀምሩ ካሉኝ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ «ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» እያልኩ ከርሜያለሁ። ፈርቶ መቆየት የራስ ጉዳይ ነው። ሌላውን ሰው «መርፌህን ዝለል» ማለት ግን ሊገድል ይችላል።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። የጽሑፉ ትልልቅ ስህተቶች የሚመነጩት ከዚህ ነውና።

ብዙ ሰው ኢንሱሊን የሚያስፈልገን ስንበላ ብቻ ይመስለዋል። ጤነኛ ቆሽት ግን ቀን ከሌሊት ኢንሱሊን ያንጠባጥባል። ሰው ተኝቶም፣ ሆዱ ባዶ ሆኖም። ለምን? ጉበት ስለማይተኛ። ጉበት ስኳር ያጠራቅማል፣ ራሱም ይሠራል። ባልበላንበት ሰዓት ለአንጎላችን የሚሆነውን ስኳር ወደ ደም የሚለቀው እሱ ነው። ያ የሚንጠባጠበው ኢንሱሊን ጉበትን «በልክ ልቀቅ» ይለዋል። እሱ ከሌለ ጉበት ልጓም እንደሌለው ፈረስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ሲያፈስ ያድራል። ምንም ሳንቀምስ ጠዋት ስኳራችን ከፍ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ጤነኛ ሰው በቀን ከሚያመነጨው ኢንሱሊን ግማሽ ያህሉ ይኸው የሚንጠባጠበው ነው። ለረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን የመጣው ይህን ለመተካት ነው። ሥራው ከጉበት ጋር ነው። ከገበታ ጋር አይደለም። ይህችን ይዘን እንሂድ።

«የመጨረሻ ደረጃ ነው፣ ሱስ ይሆናል»

ኢንሱሊን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው። ሲጎድል መተካት እንዴት ሱስ ይባላል? ውሃ የጠማውን ሰው የውሃ ሱሰኛ አንለውም።

ብሪታንያ ውስጥ ለ20 ዓመት የተካሄደ፣ ዋናው ውጤቱ በ1998 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ዩኬፒዲኤስ ይባላል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጥናቱ ያሳየው ነገር ያስገርማል። ዓይነት 2 ስኳር አለብዎት የተባሉ ሰዎች በዚያው በምርመራው ሰሞን ኢንሱሊን የማመንጨት አቅማቸው በግማሽ ያህል ወርዶ ነበር። ከዚያም በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። ኪኒን እየዋጡም፣ ምግባቸውን እየተቆጣጠሩም። ስለዚህ ብዙ ሰው ከዓመታት በኋላ መርፌ የሚያስፈልገው ቆሽቱ ስለደከመ ነው። ሰነፍ ስለነበረ አይደለም። አክስቴ ኢንሱሊን ስትጀምር «ምን አጠፋሁ?» ብላ አልቅሳ ነበር። ምንም አላጠፋችም።

«መውጫ የለውም» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዓይነት 2 ያለበት ሰው ስኳሩ በጣም ከፍ ባለ ጊዜ በኢንሱሊን ጀምሮ፣ ሲረጋጋ ወደ ኪኒን ሊመለስ ይችላል። ብዙ ክብደት ቀንሰው ያቆሙም አሉ። በእርግዝና ጊዜ ብቻ የሚወጉ እናቶች አሉ። ዓይነት 1 ግን ሌላ ነው። እዚያ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ከሞላ ጎደል አቁሟል።

ኢንሱሊን ሳይኖር ዓይነት 1 የያዘው ልጅ ዕጣው ምን እንደነበር ጸሐፊው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ወርዶ ነበር። እስከዚያ ድረስ የነበረው ሕክምና ልጁን እያስራቡ ጥቂት ዕድሜ መግዛት ነበር። ቶምፕሰን ከዚያ መርፌ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

«ዓይን ያጠፋል፣ እግር ያስቆርጣል»

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኢንሱሊን ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ስለደከመ ሰው ሁላችንም ሰምተናል። ያ ሰው ከመጀመሩ በፊት ስኳሩ ስንት ዓመት 300 ላይ እንደቆየ የሚጠይቅ ግን የለም። የዓይንን ጥቃቅን የደም ሥሮችና የእግርን ነርቮች የሚጎዳው ያ ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መርፌው የደረሰው ጉዳቱ ከሥር ሲሠራ ከቆየ በኋላ ነው።

በ1993 ውጤቱ የወጣው ዲሲሲቲ የተባለ ጥናት ዓይነት 1 ያለባቸውን 1,441 ሰዎች በአማካይ ለ6 ዓመት ተኩል ተከታትሏል። ሁሉም ኢንሱሊን ይወጉ ነበር። ገሚሶቹ ግን ስኳራቸውን አጥብቀው ይቆጣጠሩ ነበር። ዓይናቸው ገና ያልተነካ ከነበሩት መካከል፣ አጥብቀው በተቆጣጠሩት ላይ የዓይን ጉዳት የመምጣቱ ዕድል በ76 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ዓይን ያዳነው ኢንሱሊን ነው ማለት ነው።

ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት እውነት ግን አለ። ለረጅም ጊዜ በጣም ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ፣ ቀድሞ የተጎዳ ዓይን ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። ለዚህ የሚደረገው ከመጀመር በፊት ዓይንን መታየት፣ ከዚያም ስኳሩን ቀስ እያሉ ማውረድ ነው። እኔ ስጀምር መጀመሪያ የተላክሁት ዓይን ሐኪም ጋ ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

«ካልበሉ ወይም ከታመሙ ይዝለሉት»

በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ መልስ ስጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ምክሩ ከየት እንደተወሰደ ይታወቃል። ከምግብ በፊት የሚወጋ ፈጣን ኢንሱሊን አለ። እሱ የምግቡን ስኳር ለመያዝ የሚወጋ ነው። ምግብ ሳይኖር ከተወጋ ስኳርን ወደ ታች ይጥላል። ሁለቱ ዓይነት ተቀላቅለው የሚመጡበትም አለ፤ እሱም ያለ ምግብ አይሆንም። ስለዚህ «ካልበላህ አትወጋ» ለእነዚያ ትክክል ነው። ጸሐፊው ይህን ምክር አንስተው ለማታው መርፌ አለበሱት። ልኩ አይደለም።

የታመመ ሰው እናስብ። ትኩሳት አለው፣ ያስመልሰዋል፣ ምግብ አልቀመሰም። ስኳሩ ይወርዳል ብለን እንጠብቃለን። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሰውነት በሽታ ሲዋጋ ኮርቲዞልና አድሬናሊን ያፈልቃል። እነዚህ ሆርሞኖች ጉበት ስኳር እንዲለቅ ይገፋፉታል፣ የኢንሱሊንንም ጉልበት ያዳክማሉ። በዚህ ላይ የማታው መርፌ ከተዘለለ ጉበትን የሚይዘው የለም።

ዓይነት 1 ባለበት ሰው ላይ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ከስቡ ኬቶን ይወጣል፣ ደሙም አሲድ ይሆናል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ የፍራፍሬ ሽታ የሚመስል የአፍ ጠረን ይመጣል። እነዚህ ከታዩ ቤት ተቀምጦ ማየት የለም። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ክፋቱ ደግሞ ማስመለሱ ተራ የሆድ ሕመም ይመስላል። ሰውየው «የበላሁት አልተስማማኝም» ብሎ መርፌውን ጭራሽ ይተወዋል።

እኔ ዓይነት 2 ስለሆንኩ ዕድለኛ ነበርኩ። ከ6 ዓመት በፊት ሆዴን አሞኝ ሁለት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር የቀመስኩት ነገር አልነበረም። «በባዶ ሆዴ ምን ብዬ እወጋለሁ» ብዬ ሁለቱንም ማታ ዘለልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስለካ 342 ነበር። አፌ ደርቋል፣ እግሬ መቆም አቅቶታል። ምንም ሳልበላ! ያን ሁሉ ስኳር ሲያመርት ያደረው ጉበቴ ነበር። የማታው መርፌ ምን እንደሚሠራ የገባኝ ያን ቀን ነው። በስንት ዓመቱ!

ታዲያ ምን ይደረግ? ዓይነት 1 ያለበት ሰው ሲታመም ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን አያቋርጥም። በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ ስኳሩን ይለካል፣ ኬቶኑን ይመረምራል፣ ፈሳሽ ይወስዳል። ዓይነት 2 ያለበት ሰው ደግሞ እየለካ ሐኪሙን ያማክራል። መጠኑ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል፤ በተለይ ስኳሩ ወደ ታች እያዘነበለ ከሆነ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ከሆነ። መቀነስና መዝለል ግን ለየቅል ናቸው። ይህን ሁሉ በደህናው ቀን ሐኪምን ጠይቆ ወረቀት ላይ ማስጻፍ ነው። ትኩሳት ላይ ሆኖ ማስላት አይቻልም። ረስተው የዘለሉትን መጠን ደግሞ በማግስቱ ደርበው እንዳይወጉ።

«እስኪወርድ ድረስ የማታውን መጨመር ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ዓይነት 2 ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ዩኒት ይጀምራል (ዩኒት የኢንሱሊን መለኪያ ነው)፤ ወይም በሰውነቱ ክብደት፣ በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.2 ዩኒት ታስቦ ይሰጠዋል። ከዚያ ሐኪሙ ባወጣለት ዕቅድ መሠረት፣ ለምሳሌ በየ3 ቀኑ 2 ዩኒት እየጨመረ ይሄዳል። 3 ቀን መጠበቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የጨመርነው መጠን ውጤቱ ተረጋግቶ እስኪታይ ቀናት ይፈልጋል። ማታ ጨምሮ፣ ጠዋት ለክቶ፣ «አልወረደም» ብሎ በነጋታው የሚደግም ሰው አንዱን ሌሊት በላብ ተጠምቆ ይነቃል።

ጽሑፉ የዘለለው ዋና ጥያቄ ግን ይኸውላችሁ፦ የትኛው ቁጥር እስኪወርድ? የማታውን መርፌ የምንመዝነው ጠዋት በባዶ ሆድ በተለካው ነው። ለአብዛኛው አዋቂ የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ለአዛውንት ወይም ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ጠዋቱ ከተስተካከለ የማታው መርፌ ድርሻውን ተወጥቷል። ከምሳ በኋላ 250 ስለሆነ እሱን መጨመር ያልበላውን ዕዳ ማስከፈል ነው።

ምሳሌ ልስጥ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማታ ሲተኛ 220፣ ጠዋት ሲነሳ 95 ነው እንበል። ጠዋቱን ያየ ደስ ይለዋል። ግን ሌሊቱን 125 ወርዷል። ልኩን ያገኘ የማታ ኢንሱሊን ስኳርን ባለበት አካባቢ ማሳደር ነበረበት። እዚህ ግን የእራቱንም ስኳር እንዲያወርድ ተጭኖበታል። ይህ ልዩነት 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ወይም መጠኑ በኪሎ ከ0.5 ዩኒት ሲያልፍ፣ ሐኪሞች መጨመሩን ቆም ያደርጉታል። ለዚህ ሰው 35 ዩኒት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምግቡን ያስተካክላሉ፣ ከምግብ በፊት የሚወጋ ኢንሱሊን ወይም ጂኤልፒ-1 የሚባለውን የመድኃኒት ዓይነት ይጨምራሉ። ይህ ሰው በጽሑፉ ምክር መጠኑን ቢጨምርና አንድ ቀን እራት ሳይበላ በ130 ቢተኛስ? ሌሊቱን እንዴት ሊያድር ነው?

ዩኒት ከመጨመር በፊት ሆድን በጣት መዳሰስም ይገባል። እኔ ከእምብርቴ በስተግራ ትንሽ እብጠት ነበረችኝ። መርፌው እዚያ ስለማያመኝ ሁልጊዜ እሷው ላይ እወጋ ነበር። እብጠት ላይ የተወጋ ኢንሱሊን አንድ ቀን በደንብ ይገባል፣ ሌላ ቀን እዚያው ይቀራል። እኔ ግን መጠኔ አነሰኝ እያልኩ እጨምር ነበር። ነርሷ ዳስሳ አገኘችው። ቦታ ስቀያይር መጠኔ ቀነሰ። ቀስ ተብሎ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ነው ታዲያ፤ ጤነኛ ቦታ ላይ ያው መጠን በድንገት ሊጥል ይችላል።

ጠዋት ጠዋት ከፍ እያለ ካስቸገረ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ አንድ ሁለት ቀን መለካት። በዚያ ሰዓት ዝቅ ብሎ ከተገኘ መጠኑ በዝቶ ሊሆን ይችላል። የጽሑፉ ምክር እዚህ ላይ በቀጥታ ወደ ገደል ይወስዳል።

ከ70 በታች ሲሆን ምን እንደሚደረግ ጽሑፉ አንድም ቃል የለውም። 15 ግራም ፈጣን ስኳር ነው የሚወሰደው፦ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ጭማቂ፣ ወይም ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ። 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት። ካልወጣ መድገም። ቸኮሌት አይመረጥም፤ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። የማታው ኢንሱሊን ገና እየሠራ ስለሆነ ከተስተካከለ በኋላ ትንሽ ምግብ መቅመስ ያስፈልጋል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም። ግሉካጎን የሚባለው፣ የወረደ ስኳርን ከፍ የሚያደርገው መድኃኒት ካለ እሱን መስጠት፣ ባይኖርም አፋጥኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

«ደመናማው ዋጋ የለውም»

ኤንፒኤች ይባላል። የዴንማርኩ ሐኪም የሃገዶርን ቤተ ሙከራ በ1946 ያወጣው ነው። ኢንሱሊኑ ፕሮታሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ከቆዳ ሥር ቀስ ብሎ እንዲሟሟ ተደርጓል። ደመና የመሰለው ለዚህ ነው። ተበላሽቶ አይደለም። ከመወጋቱ በፊት በመዳፍ መካከል ቀስ አድርጎ ማንከባለልና ማገላበጥ ይፈልጋል። እንደ ወተት አይናጥም።

ድክመቱን አልክድም። ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጉልበቱ ይበረታል። የሚቆየውም ከ12 እስከ 18 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በቀን ሁለቴ ይወጋዋል። ከአዲሶቹ አንዱ የሆነው፣ በ2000 ገበያ ላይ የዋለው ግላርጂን ያን ከፍታ አስተካክሎታል። ብልቃጡ ውስጥ አሲዳማ ነው። ከቆዳ ሥር ሲገባ ይረጋል፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ከሌላ ኢንሱሊን ጋር በአንድ ሲሪንጅ የማይቀላቀለውም ለዚህ ነው። ዴግሉዴክ የሚባለው ሌላው አዲስ ኢንሱሊን ደግሞ ከ42 ሰዓት በላይ ይሄዳል።

የአዲሶቹ ትልቁ ጥቅም የሌሊት መውረድን መቀነሳቸው ነው። በደም ምርመራ የሚታየውን የሦስት ወር የስኳር አማካይ በማውረድ ግን ኤንፒኤች ከእነሱ ብዙም አያንስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 አዲሶቹን ወደ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ሲያስገባ ኤንፒኤችን አላወጣውም። እጅ ላይ ያለውን ኤንፒኤች አቁሞ አዲሱን መጠበቅ ማለት ጉበትን ያለ ልጓም መልቀቅ ነው። አዲሱ ሲገኝም ዩኒቱ እንዳለ አይገለበጥም። በቀን ሁለቴ ኤንፒኤች ይወጋ የነበረ ሰው ወደ ግላርጂን ሲዞር አብዛኛውን ጊዜ የድምሩን 80 በመቶ ነው የሚጀምረው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ግላርጂንም ፈጣኑም ኢንሱሊን እንደ ውሃ ጥርት ያሉ ናቸው። ሁለቱን የሚወጋ ሰው ለየብቻ ያስቀምጣቸው። ማታ በእንቅልፍ ዓይን የሚያሳስቱ ናቸው።

«ካንሰር ያመጣል»

ይህ ጥርጣሬ በ2009 በአንዳንድ ጥናቶች ምክንያት ተነስቶ ነበር። በ2012 የወጣው ኦሪጂን የተባለ ጥናት ከ12,500 በላይ ሰዎችን ለ6 ዓመት ያህል ተከታተለ። ግላርጂን በተሰጣቸውና ባልተሰጣቸው መካከል በካንሰር ልዩነት አልተገኘም። በልብ ሕመምም አልተገኘም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑባቸውም ቦታዎች አሉ። ኢንሱሊን ክብደት ሊጨምር ይችላል ያሉት እውነት ነው። እኔም ጨምሬያለሁ፣ ከባድም ነው። ከሙቀት ይጠበቅ ያሉትም ትክክል ነው። በረዶም እንደሚያበላሸው ግን መጨመር ነበረባቸው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። የተከፈተ ግላርጂን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ 28 ቀን ይቆያል።

ለአክስቴ በዚያው ማታ ደወልኩላት። አላቆመችም። ለጸሐፊው ግን አንድ ልመና አለኝ። በሌላው ነጥብ ሁሉ ባንስማማ እንኳ፣ «ካልበሉ ወይም ከታመሙ ይዝለሉት» የሚለውን ዛሬውኑ ያውጡልኝ። ጽሑፉ አሁንም እየተላከ ነው። ከሚደርሳቸው ሰዎች መካከል አንዱ ዛሬ ማታ ታሞ ተኝቶ ይሆናል። ምናልባትም ዓይነት 1 ነው።